ለድኻው የተለየ ሰዓት

በአሜሪካ ታላላቅ ከተሞች በሚገኙ የጥብቅና ድርጅቶች ውስጥ የሚሠራ ጠበቃ፣ ዕውቀቱ የቱን ያህል የጠለቀ፣ ስሙም የቱን ያህል የተከበረ ቢሆን፣ ከአንድ መዝገብ ግዛት አያመልጥም፤ ይኸውም እያንዳንዱን ሰዓት ከዐሥር ከፍሎ፣ በየስድስት ደቂቃው ለማን ምን እንደ ሠራ የሚያሰፍርበት የጊዜ መዝገብ ነው። ከደንበኛ ጋር በስልክ መነጋገሩ፣ ውል ማንበቡ፣ የቀድሞ ፍርዶችን መመርመሩ፣ ለችሎት የሚቀርበውን ክርክር መጻፉ፣ ሁሉም በዚህ መዝገብ ላይ እየተቈጠረ ይገባል፤ በየወሩ መጨረሻም ተደምሮ በደንበኛው ስም የሒሳብ መጠየቂያ ይወጣበታል። ዓመቱ ሲያልቅ ጠበቃው የሚመዘነው፣ ለደመወዝ ጭማሪም ሆነ ከባለቤቶቹ አንዱ ሆኖ በሸሪክነት ለመመረጥ የሚታጨው፣ በአመዛኙ በዚሁ መዝገብ መሠረት ነው። ስለዚህም በእንዲህ ያለው ቤት አንድ ሥራ የተከበረ ይሁን ወይም የተናቀ ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን መልካም ቃል ትቶ፣ ሥራው በመዝገቡ ላይ መግባቱንና አለመግባቱን ቢጠይቅ እውነቱን ያገኛል።

ይህን መዝገብ ለጠበቆች ሥራ ካስለመዱት ሰዎች ዋናው ሬጂናልድ ሂበር ስሚዝ የተባሉ የቦስተን ሰው ናቸው። ጊዜን በደቂቃ ቈጥሮ መሸጥን ያስተማረ ሰው ስለ ባለጠጎች ብቻ ያስብ ነበር ብሎ የሚገምት አይጠፋ ይሆናል፤ ነገሩ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ስሚዝ የሕግ ትምህርታቸውን በሃርቫርድ እንደ ፈጸሙ የገቡት ድኾችን በነጻ ወደሚረዳው የቦስተን የሕግ ርዳታ ማኅበር ነበር፤ በዚያም በጥቂት ገንዘብና በጥቂት ጠበቃ እጅግ የበዛ ባለጉዳይ ማስተናገድ ግድ ስለ ሆነባቸው፣ እያንዳንዱ ጉዳይ ምን ያህል ጊዜና ምን ያህል ወጪ እንደሚወስድ በጥንቃቄ ማስመዝገብ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1919 «ፍትሕና ድኾች» የሚል ትርጉም ያለውን መጽሐፋቸውን ሲያሳትሙ፣ የአሜሪካ ሕግ በጽሑፉ ለሁሉ እኩል ሆኖ ሳለ፣ የፍርድ መዘግየት፣ የዳኝነት ገንዘብና የጠበቃ ዋጋ የተባሉት ሦስት ደንቃራዎች ድኻውን ከፍርድ ቤት ደጅ እንደሚመልሱት በማስረጃ አስረዱ። በዚያው ዓመት ሄል ኤንድ ዶር ወደ ተባለው የቦስተን የጥብቅና ድርጅት ገብተው፣ ለድኾች ሥራ ያዘጋጁትን የመዝገብ ሥርዐት ወደ ባለጠጎቹ ጠበቆች ቤት አሻገሩት። እንግዲህ ሥርዐቱ ከድኻው ቤት ተነሥቶ ባለጠጋውን አገለገለ፤ ድኻው ራሱ ግን ለግማሽ ምእተ ዓመት ያህል ከመዝገቡ ውጭ ቀረ።

ለድኻ በነጻ መሟገት በአሜሪካ ጠበቆች ዘንድ ከጥንትም ያልነበረ ነገር አይደለም። ነገር ግን ለብዙ ዘመን የኖረው እንደ ግል ትሩፋት ሆኖ ነው፤ አንድ ደግ ጠበቃ የሚከፈልበትን ሥራ ከጨረሰ በኋላ፣ በምሽቱ ወይም በሰንበቱ፣ ልቡ የራራለትን የአንድ ምስኪን ጉዳይ አንሥቶ ይሟገት ነበር፤ ልቡ ካልራራ ወይም ጊዜ ካጣ ደግሞ ምስኪኑ እንደ መጣ ይመለሳል። ከዚህ ትሩፋት ታላላቅ ሥራዎች መወለዳቸውን መካድ አይገባም። ጠበቃ ሳይቆምልኝ ተፈረደብኝ ሲል በፍሎሪዳ እስር ቤት ሆኖ በእርሳስ የጻፈውን አቤቱታ ለአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለላከው ለክላረንስ ጊዲየን፣ ፍርድ ቤቱ የመረጠለት ጠበቃ በዋሽንግተን ከታወቁት ድርጅቶች የአንዱ ሸሪክ የነበሩት ኤብ ፎርታስ ሲሆኑ፣ እርሳቸውም ዋጋ ሳይቀበሉ ተከራክረው፣ በከባድ ወንጀል ለተከሰሰ ድኻ ሁሉ ጠበቃ እንዲቆምለት የሚያዝዘውን ፍርድ እ.ኤ.አ. በ1963 አስገኝተዋል። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ከ200 የሚበልጡ ጠበቆችን ወደ ዋይት ሃውስ ጠርተው ለጥቁሮች የዜግነት መብት እንዲቆሙ ስለ ጠየቋቸው፣ ዛሬም ድረስ በሥራ ላይ ያለ አንድ የጠበቆች ኮሚቴ ተቋቋመ። ሁለቱም ሥራዎች ግን የተጀመሩት ከውጭ በመጣ ጥሪ ነው፤ አንዱን የጠራው ፍርድ ቤት፣ ሌላውን የጠራው የአገር መሪ ነበር። እንዲህ ያለ ጥሪ ባልደረሰው ድርጅት ውስጥ፣ ድኻው መጥቶ በሩን ቢያንኳኳ ማን እንደሚከፍትለት የተወሰነ ሥርዐት አልነበረም።

ፍራንክ ሆገን እ.ኤ.አ. በ1904 በዋሽንግተን የመሠረቱት፣ በኋላም ሆገን ኤንድ ሃርትሰን በሚል ስም የታወቀው የጥብቅና ድርጅት በዚህ ታሪክ ውስጥ ስሙ የሚነሣው ይህን ጉድለት ቀድሞ ለመሙላት ስለ ተነሣ ነው። ዘመኑ በአሜሪካ የሁከትና የጥያቄ ዘመን ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉበት በ1968 የዋሽንግተን የጥቁሮች ሰፈሮች ከጠበቆቹ ቢሮ እምብዛም ሳይርቁ በእሳት ጋይተዋል፤ ከታላላቆቹ የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚወጡት ወጣቶችም ለመቀጠር ሲመጡ፣ በዚህ ቤት ለድኻ የምሟገትበት ጊዜ ይሰጠኛልን? እያሉ መጠየቅ ጀምረው ነበር። ሆገን ኤንድ ሃርትሰን ለዚህ ጥያቄ በቃል ብቻ መመለስን አልመረጠም፤ በ1970 «የማኅበረሰብ አገልግሎት ክፍል» የሚባል፣ የግብርን ወይም የንግድን ጉዳይ ከሚይዙት ክፍሎች ጋር በመዓርግ የተካከለ፣ ሥራው ለማይከፍሉ ባለጉዳዮች መሟገት ብቻ የሆነ ራሱን የቻለ ክፍል አቋቋመ። ከአሜሪካ የጥብቅና ድርጅቶች መካከል እንዲህ ያለ ክፍል በመክፈት የመጀመሪያው እርሱ ነው። ክፍሉን እንዲመሩ የተጠሩት ጆን ፌረን፣ ቀደም ሲል በሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ሥር የነበረውን የሰፈር የሕግ ቢሮ የመሩ፣ የድኾችን ጉዳይ በቅርብ የሚያውቁ ሰው ሲሆኑ፣ የመጡትም በተራ ተቀጣሪነት ሳይሆን በሸሪክነት ነበር። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1977 በዋሽንግተን የይግባኝ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ሲሾሙ ክፍሉ አብሯቸው አልሄደም፤ ሌላ ኃላፊ ተተክቶለት ሥራውን ቀጠለ። የአንድ ተቋም ጽናት የሚፈተነው መሥራቹ በሄደ ማግስት ነውና፣ እኔ ከምረቃው ቀን ይልቅ ይህን የመተካካት ቀን አከብራለሁ።

የእንዲህ ያለው ክፍል አሠራር ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን እያንዳንዱ ደንብ ከአንድ ችግር የተነሣ ነው። ባለጉዳዮቹ ብዙውን ጊዜ በቀጥታ አይመጡም፤ የሕግ ርዳታ ማኅበራት፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ የሰፈር ማኅበራትና የተከራዮች ኮሚቴዎች ጉዳዩን አጣርተው ይልካሉ። ጉዳዩ እንደ ደረሰ በመጀመሪያ የሚመረመረው ድርጅቱ ከሚያገለግላቸው ደንበኞች ከአንዱ ጋር የጥቅም ግጭት ያለበት መሆኑና አለመሆኑ ነው፤ በአንድ እጅ የተከራዩን ጉዳይ፣ በሌላው እጅ የአከራዩን ጉዳይ መያዝ በሙያው ሥነ ምግባር የተከለከለ ነውና። ግጭት ከሌለ ለድኻው ባለጉዳይ የሚጻፍለት የውክልና ደብዳቤ፣ የክፍያው አንቀጽ ብቻ ሲቀር፣ ለታላቅ ባንክ ከሚጻፈው አይለይም፤ ጠበቃው ምሥጢር ለመጠበቅ፣ ቀጠሮ ለማክበር፣ ጉዳዩን እስከ መጨረሻ ለማድረስ በዚያው ደብዳቤ ይታሰራል። ወጣቱ ጠበቃ የሚጽፈውን ክርክር አንድ ልምድ ያለው ሸሪክ ያነብበታል። የባለሙያ ምስክር አበል፣ የችሎት ቃል ግልባጭ፣ የአስተርጓሚ ዋጋ፣ የመንገድ ወጪ፣ ይህ ሁሉ ከድርጅቱ ሣጥን ይወጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጠበቃው ለድኻው የሠራበት ሰዓት ለከፋዩ ደንበኛ ከሠራበት ሰዓት ጋር በአንድ መዝገብ ገብቶ፣ ዓመቱ ሲያልቅ በሚዛኑ ላይ ይቈጠርለታል። ይህ የመጨረሻው ደንብ ባይኖር ሌሎቹ ሁሉ ከንቱ በሆኑ ነበር፤ ምክንያቱም ነጻ ሥራ የሠራበትን ሰዓት እንደ ባከነ የሚቈጥር ቤት፣ ጠበቆቹን ለድኻ እንዲሟገቱ በአፉ እያበረታታ በመዝገቡ ይቀጣቸዋል።

በዚያው በዋሽንግተን ኮቪንግተን ኤንድ በርሊንግ የተባለው ድርጅት ሌላ መንገድ መርጦ፣ ከ1969 ጀምሮ ወጣት ጠበቆቹን ደመወዛቸውን ራሱ እየከፈለ ለስድስት ስድስት ወር ለሰፈር የሕግ አገልግሎት ቢሮ ማዋስ ያዘ። ይህም መልካም መንገድ ነው፤ ጠበቃው ድኻው ወደ እርሱ እስኪመጣ ሳይጠብቅ፣ እርሱ ራሱ ወደ ድኻው ሰፈር ወርዶ፣ የተቈረጠውን ማሞቂያና የሚያፈስሰውን ጣሪያ በዐይኑ ያያል። ከዚያ ወዲህ ልማዱ እየሰፋ ሄዶ፣ የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በሥነ ምግባር ደንቡ ላይ በ1993 ባደረገው ማሻሻያ፣ እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ እንዲያገለግል መከረ፤ በዚያው ዓመት ደግሞ ታላላቆቹ ድርጅቶች ከሚያስከፍሉበት ሰዓት ጋር ሲነጻጸር 3 ወይም 5 በመቶ የሚሆነውን ለነጻ አገልግሎት ለማዋል በፊርማቸው የሚገቡበት ቃል ኪዳን ተዘጋጀ። የኒው ዮርክ ግዛት ከዚህም አልፎ፣ ወደ ጥብቅና ለመግባት የሚያመለክት ሁሉ አስቀድሞ 50 ሰዓት ነጻ አገልግሎት እንዲሰጥ አዘዘ። ይህን በመቶ የሚሰፈር ስጦታ ከአባቶቻችን ልማድ ጋር ለማስተያየት የፈለገ ሰው፣ ከምጽዋት ይልቅ ለአሥራት የቀረበ ሆኖ ያገኘዋል፤ ምጽዋት የሰጪውን ስሜትና የዕለቱን ትርፍ ይጠብቃል፤ አሥራት ግን አዝመራው ከመበላቱ አስቀድሞ ተሰፍሮ ይለያል፤ ገበሬው በዚያ ቀን ቢከፋውም ቢደሰትም ልኩ አይለወጥም።

የክፍሉ ጥቅም በምን ሥራ እንደ ታየ ለሚጠይቅ፣ ከብዙዎቹ ጉዳዮች መካከል የቱሊያን ነገር ዘርዘር አድርጎ መንገር ይገባል። ቱሊያ በቴክሳስ ግዛት በሰሜኑ ደጋ፣ በአማሪሎና በላቦክ ከተሞች መካከል የምትገኝ፣ አምስት ሺህ ያህል ነዋሪ ያላት የገበሬዎች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በጁላይ 23 ቀን 1999 ጎሕ ሳይቀድ ፖሊሶች ቤት ለቤት እየዞሩ 46 ሰዎችን የዕፅ ነጋዴዎች ናችሁ በሚል ክስ የያዙ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ጥቁሮች፣ በጣም ብዙዎቹም የርስ በርስ ዘመዳሞች ነበሩ። በዚያ ማለዳ በተደረገው ብርበራ ዕፅም ሆነ የጦር መሣሪያ ወይም የተከማቸ ገንዘብ አልተገኘም። ክሱ ሁሉ የቆመው ለ18 ወር ብቻውን በሥውር ሲሠራ በነበረ በአንድ ፖሊስ ቃል ላይ ነበር፤ ሰውየው ያደረግሁት ነው የሚለውን ግዢ በድምፅም በሥዕልም አልቀረጸም፤ ሁለተኛ ምስክር አልነበረውም፤ ማስታወሻውንም አንዳንድ ጊዜ በእግሩ ገላ ላይ ይጽፍ እንደ ነበር ራሱ ተናግሯል። ይህ ቃል ግን በከተማው በተሰየሙት የሕዝብ ፈራጆች ዘንድ በቂ ሆኖ ተገኘ። አሳማ እያረባ ይኖር በነበረ አንድ በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ 90 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ይህንና ይህን የመሰለውን ፍርድ የሰሙት ሌሎች ተከሳሾች ከዚያ የከፋ እንዳይደርስባቸው ፈርተው ያልሠሩትን ሠርተናል ብለው ፈረሙ። ፖሊሱም የቴክሳስ የዓመቱ ምርጥ ሕግ አስከባሪ ተብሎ ተሸለመ።

ነገሩ መሰነጣጠቅ የጀመረው ተራ በሆኑ ወረቀቶች ነው። አንዱ ተከሳሽ ዕፅ ሸጠ በተባለበት ሰዓት በሥራ ገበታው ላይ እንደ ነበረ የመሥሪያ ቤቱ የሰዓት ካርድ መሰከረለት፤ አንዲት ተከሳሽ ደግሞ በዚያ ቀን በሌላ ግዛት በኦክላሆማ ከተማ እንደ ነበረች የባንክ ሰነድ አረጋገጠላት። ጄፍ ብላክበርን የተባሉ የአማሪሎ ጠበቃ ገንዘብም ረዳትም ሳይኖራቸው ለእስረኞቹ መሟገት ጀምረው ነበር፤ ቱርጉድ ማርሻል የመሠረቱት፣ ለጥቁሮች መብት የሚሟገተው የሕግ መከላከያ ድርጅትም ቫኒታ ጉፕታ የተባሉ ገና ከትምህርት ቤት የወጡ ወጣት ጠበቃ መድቦ ገባበት። ነገር ግን በደርዘን የሚቈጠር የተዘጋ የፍርድ መዝገብ መልሶ ማስከፈት፣ የፖሊሱን የቀድሞ አኗኗር ከግዛት ግዛት እየተዘዋወሩ መመርመር፣ ምስክሮችን በየአገሩ ፈልጎ ቃላቸውን መቀበል፣ የአንድ ወይም የሁለት ሰው ጉልበት የሚችለው አልነበረም። በዚህ ጊዜ ነው ሆገን ኤንድ ሃርትሰን ከማኅበረሰብ አገልግሎት ክፍሉ ጠበቆቹን የላከው፤ ዊልመር ከትለር የተባለው ሌላው የዋሽንግተን ድርጅትም እንዲሁ አደረገ። ይህ ዊልመር ከትለር በኋላ በ2004 ሬጂናልድ ሂበር ስሚዝ ከሠሩበት ከሄል ኤንድ ዶር ጋር ተዋሕዶ አንድ ድርጅት የሆነው ነው።

ጠበቆቹ ባደረጉት ምርመራ፣ ፖሊሱ ቀድሞ ይሠራበት ከነበረ አውራጃ ዕዳውን ሳይከፍል ጠፍቶ እንደ ሄደ፣ በቱሊያ እየሠራ ሳለም በስርቆት ተከሶ እንደ ነበረ፣ አለቆቹም ይህን እያወቁ ለተከሳሾቹ ጠበቆች እንዳልገለጹ ተረጋገጠ። የቴክሳስ የወንጀል ይግባኝ ፍርድ ቤት የአራት እስረኞችን ጉዳይ መርምሮ የሚያቀርብ ችሎት እንዲሰየም ስላዘዘ፣ በማርች 2003 ሮን ቻፕማን የተባሉ ከዳላስ የመጡ ጡረተኛ ዳኛ በዚያችው በቱሊያ ተቀመጡ። ፖሊሱ በምስክር ወንበር ላይ ሆኖ ለመስቀለኛ ጥያቄ ሲቀርብ፣ ቃሉ ከቃሉ ጋር፣ ቃሉም ከጽሑፉ ጋር አልስማማ አለ፤ እስከዚህ ድረስ ፍርዱን ለማስጠበቅ የተሟገተው ዐቃቤ ሕግ ራሱ ይህ ሰው የሚታመን ምስክር አይደለም ብሎ ከተከሳሾቹ ጠበቆች ጋር ተስማማ። ዳኛውም ፍርዱ እንዲሻር የውሳኔ ሐሳባቸውን አቀረቡ። በሰኔ ወር ገና በእስር ላይ የነበሩት በዋስ ወጡ፤ በኦገስት ወር የግዛቱ ገዥ ሪክ ፔሪ ለ35 ሰዎች ይቅርታ ሰጡ፤ በ2004 አምስት ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንዲከፈል ስምምነት ተደረገ፤ ፖሊሱም በሐሰት መሐላ ጥፋተኛ ተባለ። ከሦስት ዓመት በላይ በወህኒ የቆዩት ሰዎች ያጡትን የልጆቻቸውን ዕድገት ይህ ገንዘብ አይመልሰውም፤ ቢሆንም ያን የመሰለ ሙግት ለማቆም የሚበቃው ጉልበትና ወጪ በአንዲት የገጠር ከተማ ድኾች እጅ ፈጽሞ አልነበረም። ጉልበቱ የተገኘው ከ30 ዓመት በላይ አስቀድሞ በዋሽንግተን አንድ ክፍል ተከፍቶ፣ ኃላፊ ተሾሞለትና በጀት ተቈርጦለት በመጠበቁ ነው። ቱሊያ በተያዘች ማለዳ እንዲህ ያለ ክፍል ባይኖር ኖሮ፣ በቁጣ ተነሥቶ በአንድ ሌሊት ሊሠራ የሚችል አልነበረም።

እንዲህም ሲሆን የዚህን ሥራ ወሰን መደበቅ ለወዳጁ አይገባም። ታላላቆቹ ድርጅቶች የሚኖሩት ከባንኮች፣ ከመድን ድርጅቶችና ከታላላቅ ኩባንያዎች በሚቀበሉት ዋጋ ስለ ሆነ፣ ድኻው ብዙ ጊዜ የሚካሰሳቸው እነዚሁ ሲሆኑ የጥቅም ግጭቱ ደንብ በሩን ይዘጋበታል፤ እስረኛን ነጻ ለማውጣት የሚሮጥ ድርጅት፣ ቤቷን ባንክ ለሚነጥቃት መበለት መቆም ሊሳነው ይችላል። ስሙ በጋዜጣ የሚጠራበትን ጉዳይ የሚወድድ፣ የደመወዝና የቀለብ ክርክርን ግን የሚሰለች ጠበቃም አይታጣም። ይህንንም ክፍተት ሊሞላ የሚገባው መንግሥት በ1974 በሕግ ያቋቋመው የሕግ አገልግሎት ኮርፖሬሽን ሲሆን፣ የአሜሪካ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በ1996 ባወጣው ክልከላ ከኮርፖሬሽኑ ገንዘብ የሚቀበሉ ጠበቆች ብዙ ሰዎችን በአንድነት ወክለው የሚቀርቡትን የኅብረት ክስ እንዳይዙ አደረገ። በዚህ የተነሣ የአንድ ሰፈር ሕዝብ በሙሉ የተበደለበት ነገር ሲነሣ፣ መንግሥት የሚከፍላቸው የድኻ ጠበቆች እጃቸው ታስሮ፣ ሸክሙ በእነዚሁ ድርጅቶች ጫንቃ ላይ ወደቀ። እኔ ይህን ክልከላ የተሳሳተ ሕግ ነው እላለሁ፤ የድርጅቶች በጎ ፈቃድ ከመንግሥት ግዴታ ላይ የሚደመር እንጂ ግዴታውን የሚተካ መሆን አልነበረበትምና።

በአሜሪካ የሚኖረው የኢትዮጵያ ሰው ይህን ልማድ ከሩቅ በወሬ ብቻ አያውቀውም። በዚያ አገር የስደተኞች ፍርድ ቤት ጠበቃ መግዛት ለማይችል ሰው መንግሥት ጠበቃ አያቆምለትም፤ ስለዚህም ከአገሩ ሸሽቶ ጥገኝነት የጠየቀ ወገናችን ታላቅ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ጠበቃ በነጻ ሲቆምለት፣ የተፈጸመበትን ግፍ በአስተርጓሚ አስነግሮ፣ በሐኪም ማስረጃ አስደግፎ ለማቅረብ ይችላል። ከሁሉ ይልቅ ግን ሊታወስ የሚገባው በአትላንታ የሆነው ነው። በቀይ ሽብር ዘመን በአዲስ አበባ ታስረው ከተሠቃዩት መካከል ሦስት ሴቶች ከአገር ወጥተው በሰሜን አሜሪካ ሲኖሩ፣ ከእነርሱ አንዲቱ በምትሠራበት በአትላንታ ሆቴል ውስጥ፣ ያኔ የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር የነበረው፣ ስቃዩንም ያዘዘባቸው ሰው ሻንጣ ተሸካሚ ሆኖ እንደሚሠራ ታወቀ። ሴቶቹ ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የተፈጸመው ነገርም በሌላ አገር፣ ከዐሥር ዓመት በፊት የሆነ ነው። ቢሆንም ኪልፓትሪክ ኤንድ ኮዲ የተባለው የአትላንታ የጥብቅና ድርጅት ከአሜሪካ የሲቪል ነጻነቶች ኅብረት ጋር ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1789 የወጣውንና የውጭ አገር ዜጋ ዓለም አቀፍ ሕግን ለሚጥስ በደል ካሣ በአሜሪካ ፍርድ ቤት እንዲጠይቅ የሚፈቅደውን ጥንታዊ ሕግ መሠረት አድርጎ ቆመላቸው። በ1993 ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር እንዲከፈላቸው ተፈረደ፤ በ1996 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን አጸና። ሰውየው በኋላ ዜግነቱን ተገፍፎ በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተላከ፤ በዚያም በሌለበት የተፈረደበት የዕድሜ ልክ እስራት ይጠብቀው ነበር። ሻንጣ ተሸካሚ ከሆነ ሰው ያን ያህል ገንዘብ እንደማይገኝ ሴቶቹም ጠበቆቹም ያውቁ ነበር። እነርሱ የፈለጉት፣ በጨለማ ክፍል የተደረገባቸው ነገር በዐደባባይ፣ በመሐላ፣ በዳኛ ፊት ተነግሮ በመዝገብ እንዲጻፍ ነው፤ ይህም ተፈጸመላቸው።

በአገራችንም ሕጉ ዝም አላለም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የዳኝነት ገንዘብ መክፈል የማይችል ሰው በድህነቱ ምክንያት ሳይከፍል እንዲከስ ይፈቅድለታል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ጠበቃ ለማቆም ዐቅም ለሌለው ተከሳሽ፣ ፍትሕ የሚዛባ ሲሆን፣ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆምለት ይላል፤ የፌዴራል ፍርድ ቤት ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 ደግሞ እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ያስገድዳል። ለአሜሪካው ጠበቃ ምክር የሆነው ቁጥር ለእኛው ጠበቃ ግዴታ ሆኖ መጻፉን ብዙ ሰው አያውቅም። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ከመሠረቱት ጀምሮ፣ ለተጠለፉና ለተደበደቡ ሴቶች በነጻ በመቆም ይህ ሥራ በእኛም ምድር ምን ፍሬ እንደሚሰጥ አሳይቷል። የጎደለው፣ ሥራውን ከአንድ ጠበቃ ጫንቃ አውርዶ በብዙዎች ላይ የሚያደላድል ቤት ነበር፤ ምክንያቱም የእኛ ጠበቃ በሕግ የተፈቀደለት በግሉ እንዲሠራ ብቻ ስለ ነበረ፣ ሲታመም ወይም ሲሞት የድኻው ጉዳይ አብሮት ይቋረጥ ነበር።

ይህ ሁኔታ በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ተለውጧል። አዋጁ ጠበቆች በሽርክና ተባብረው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ስለ ፈቀደ፣ አሁን በአዲስ አበባ በየጊዜው አዳዲስ ድርጅቶች እየተመሠረቱ ነው። የእነዚህ ድርጅቶች ሸሪኮች የመመሥረቻ ጽሑፋቸውን ሲፈራረሙ፣ የትርፍ ድርሻቸውንና የድምፅ መብታቸውን በአንቀጽ እንደሚያሰፍሩት ሁሉ፣ የነጻ አገልግሎቱን ክፍል የሚመራው ሸሪክ ማን እንደ ሆነ፣ በዓመት ስንት ሰዓትና ስንት ብር እንደሚመደብለት፣ ለድኻው የዋለው ሰዓት በወጣቱ ጠበቃ ዕድገት ላይ እንዴት እንደሚቈጠር በዚያው ጽሑፍ ላይ ቢያሰፍሩ፣ የሚከለክላቸው ሕግ የለም። ጉዳይ አጣርተው የሚልኩላቸው ደግሞ ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል፤ በየዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር ያሉት የነጻ የሕግ ድጋፍ ማእከሎች በየቀኑ ከሚቀበሏቸው ባለጉዳዮች መካከል አቤቱታ በመጻፍ ብቻ የማይፈቱ፣ ዓመታት የሚፈጅ ሙግት፣ የመሐንዲስና የሒሳብ ዐዋቂ ምስክርነት የሚጠይቁ አሉባቸው፤ ካሣ ሳይከፈላቸው ከመሬታቸው የተነሡ የአንድ ቀበሌ ገበሬዎች፣ ደመወዛቸው የተያዘባቸው የፋብሪካ ሠራተኞች፣ በውርስ ክርክር ከቤታቸው የተገፉ መበለቶች። መጀመሪያ የሚከፈተው ክፍል አንድ ሸሪክና ሁለት ወጣት ጠበቆች ይዞ፣ ከእነዚህ መካከል በዓመት ሦስት ወይም አራት ከባድ ጉዳዮችን ተቀብሎ እስከ ሰበር ችሎት ሊያደርስ ይችላል።